ሐያእ ከሕክምና አያግደን

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የጤና ክፍለ ጊዜ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሐብሩ አድማጮቻችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርእሳችን በአደባባይ ቀርቶ በቤታችን ውስጥ እንኳ ለመናገር የምናፍርበት ነው። ደም ስለሚቀላቅልና ለወራት ስለማይለቅ የአንጀት ሕመም፣ ለዚሁም ሐኪም ስለሚያዘው በፊንጢጣ ስለሚገባ መድኃኒት እንነጋገራለን። ልጆች አጠገባችሁ ካሉ አታስወጧቸው፤ ነውር አንናገርም፤ ለእነሱም የሚጠቅም አለውና።

ወደዚህ ርእስ ያመጣን ከመርሳ አካባቢ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው አባወራ ናቸው፤ ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም፤ እኛም አንጠራውም። ሕመሙ ሲጀምራቸው ሰገራቸው ደምና ንፍጥ መሰል ነገር ይቀላቅል ነበር። «አሜባ ነው» ተብለው ኪኒን ዋጡ። ጥቂት ቀን ተሻላቸው፤ ተመለሰባቸው። ይህ አራት ጊዜ ተደጋገመ። ከዚያ «ኪንታሮት ነው» ያላቸው ሰው ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ወሰዳቸው፤ በዚያም የተቀባ ነገር አቃጥሏቸው ሳምንት ሙሉ መቀመጥ አቃታቸው። በመጨረሻ ከፍ ወዳለ ሕክምና ተልከው፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ታይተው፣ የትልቁ አንጀታቸው መጨረሻ እንደ ቆሰለ ተነገራቸው፤ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም ታዘዘላቸው።

መድኃኒቱን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት፤ ቀለጠ። ሌላ ገዝተው ሲጠቀሙ ደሙ ቆመላቸው። ይሁንና ረመዳን ገባ። ጎረቤት «ጾም ያፈርሳል» ሲላቸው ተዉት። ሸዋል ሳያልቅ ሕመሙ ብሶ ተመለሰ። አሁን ሶላት መሃል እንዳያመልጣቸው እየፈሩ መስጊድ መሄድ ትተዋል። ደብዳቤያቸውን የዘጉት በአንድ ጥያቄ ነው፦ «መድኃኒቱን ልተወው ወይስ ጾሜን?»

የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱንም ከወዲሁ እንናገራለን፦ ኢንሻአላህ አንዱንም መተው ላያስፈልግ ይችላል። እንዴት እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እናያለን።

ሐያእና ዕውቀት

ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። ነገር ግን ሐያእ ሰውን ከክፉ ሥራ የሚከለክል እንጂ ከዕውቀትና ከፈውስ የሚያስቀር አይደለም። በቡኻሪና በሙስሊም እንደ ተዘገበው፣ ሶሐቢይቷ ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ሴቶች የሚያፍሩበትን ጉዳይ ሊጠይቁ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጡ፣ አላህ ከእውነት እንደማያፍር በመናገር ጀመሩ። ነቢዩም መለሱላቸው እንጂ አልገሠጹዋቸውም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ደግሞ የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኑት ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምናን እንድንፈልግ ማዘዛቸውንም አንርሳ። አላህ ከእርጅና በቀር ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማድረጉን አስተምረዋል።

እንግዲህ እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ፣ ሽማግሌም ለሐኪሙ «ሰገራዬ ደም አለበት» ለማለት ለምን ያፍራል? በእኛ አገር ብዙ ሰው ለሐኪም «ሆዴን ያመኛል» ብቻ ብሎ ይመለሳል። ሐኪሙም በሰማው ልክ ያክማል። ደሙን፣ ንፍጡን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጡ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅሳችሁ ካልነገራችሁት ከየት ያውቀዋል?

ለሕክምና ሲባል የተሸፈነን አካል መግለጥን በተመለከተ ዑለማዎቻችን በችግር ጊዜ አስፈላጊ በሆነው ልክ እንደሚፈቀድ አስረድተዋል። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ግን ሕክምናው አይቀርም።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። በአካባቢያችን ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ተዋሲያን ናቸው፤ ባክቴሪያ፣ አሜባ፣ እንዲሁም በወንዝና በመስኖ ውኃ ለሚታጠብና ለሚሠራ ሰው ብልሃርዝያ። እነዚህ በትክክለኛው መድኃኒት ይድናሉ።

ሌላው ዓይነት ግን ተዋሲያን ሳይኖር አንጀት ራሱ የሚቆጣበትና የሚቆስልበት ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ አንጀቱ ላይ ሲነሣ የሚመጣ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሞች ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶችን ይለያሉ። አንደኛው «አልሰሬቲቭ ኮላይተስ» የሚባለው ነው፤ ከፊንጢጣው በላይ ካለው የአንጀት ጫፍ ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ያቆስላል። ሁለተኛው «ክሮንስ» የሚባለው ነው፤ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ቦታ ሊይዝ ይችላል። ሁለቱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም። ከታማሚ ጋር አንድ ማዕድ መብላት፣ አንድ መኝታ መጋራት ምንም አያመጣም። የቡዳም የመተትም ጉዳይ አይደለም። ግን እድሜ ልክ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ጋብ ይላሉ፣ ተመልሰው ይነሣሉ።

የአሜባ ኪኒን ደጋግሞ እየዋጠ ደሙ ለሳምንታት ያልቆመለት ሰው አምስተኛ ጊዜ ኪኒን መግዛቱን ትቶ ምርመራ ይጠይቅ። ሰገራው በላቦራቶሪ ይታይ፤ ደሙ ይመርመር፤ የአንጀት ነቀርሳም (ቲቢ) ክሮንስን ስለሚመስል ይታሰብ፤ ከተቻለም በቱቦ ካሜራ ታይቶ ከቁስሉ ናሙና ይወሰድ። በተቃራኒውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አሜባው ሳይታከም ብግነትን የሚያበርድ የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰደ ሰው አንጀቱ እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ይህን ሕክምና በግምት መጀመር አይፈቀድም። ጎረቤታችሁ ስለዳነበት ብቻ የእሱን መድኃኒት አትዋሱ።

መድኃኒቱ ለምን በዚያ በኩል?

«ኪኒን መዋጥ እየተቻለ ለምን በዚያ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ቁስሉ ያለው በአንጀት መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ በአፍ የተዋጠ መድኃኒት ረጅሙን መንገድ ተጉዞ እዚያ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። በፊንጢጣ የገባው ግን ቁስሉ ላይ ይቀልጣል። በመላው ሰውነት የሚሰራጨውም መጠን ያንሳል። ማሳው ጫፍ ላይ ያለ ገበሬ ውኃውን ከላይኛው ቦይ ቢለቀው መንገድ ላይ እንደሚሰርግበት ያውቃል፤ ምንጩ ማሳው አጠገብ ካለለት ግን ከዚያው ያጠጣል።

ለዚህ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው «ሜሳላዚን» ይባላል፤ «ሜሳላሚን» ተብሎም ይጻፋል። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 1 ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ በመኝታ ሰዓት ነው። በሌላ መጠን የሚሠራም ስላለ የሐኪሙን ማዘዣ ተከተሉ። ፋርማሲዎች «ሰፖዚተሪ» የሚሉት ይህ የጥይት ቅርጽ ያለው መድኃኒት የሚደርሰው ፊንጢጣው አጠገብ እስካለው የአንጀት ክፍል ብቻ ነው። ቁስሉ ከዚያ በላይ ከወጣ ሐኪሙ በፈሳሽ መልክ የሚገባውን ወይም ኪኒንን ይጨምርበታል። ስለዚህ «ኪኒኑም ሰፖዚተሪውም ለምን?» ብላችሁ አንዱን በራሳችሁ አትተዉ።

ይህ መድኃኒት በትናንሽ ከተሞች ፋርማሲ ላይገኝ ይችላል። ሲታዘዝላችሁ የት እንደሚገኝና ካልተገኘ በምን እንደሚተካ ሐኪሙን እዚያው ጠይቁ። ባለ ሱቅ በገዛ ፈቃዱ «ይኸም ያው ነው» ብሎ እንዳይተካላችሁ።

አጠቃቀሙ

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ማንበብ ለማይችሉት ቤተሰቦቻችሁ ይህን አንብቡላቸው።

በመጀመሪያ ወደ መጸዳጃ ሂዱ፤ አንጀት ባዶ ሲሆን መድኃኒቱ ይቆያል። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጥፍራችሁ አጭር ይሁን። ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ለመተኛት ስትዘጋጁ ቢሆን ከሁሉ ይሻላል።

መድኃኒቱን በመጠቅለያው ላይ ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። ጠንካራ ከሆነ መጠቅለያውን ሙሉ በሙሉ ግፈፉት። ከነመጠቅለያው ያስገቡ ሰዎች ቆስለዋል። ከለሰለሰ ግን ሳትከፍቱት ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አኑሩት። ጫፉን በንጹሕ ውኃ አርጥቡት። ቅቤ፣ ዘይት ወይም ቫዝሊን አትቀቡት።

በግራ ጎናችሁ ተኙ። የታችኛውን እግር ዘርጉ፣ የላይኛውን ወደ ሆድ እጠፉ። በረጅሙ ተንፍሱ፣ ሰውነታችሁን አላሉት። በግራ እጃችሁ፣ ሹል ጫፉን አስቀድማችሁ፣ የሚያጠብቀውን ጡንቻ እስኪያልፍ ድረስ በጣት ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ከጡንቻው ካላለፈ ተመልሶ ይወጣል። የሚቋቋም ነገር ካጋጠማችሁ አታስገድዱ፤ ቆዩና እንደገና ሞክሩ። ኃይለኛ ሕመም ካለ ተዉትና ሐኪም ጠይቁ።

ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኑትና ተኝታችሁ ቆዩ። በመጀመሪያ የመውጣት ስሜት ይመጣል፤ ይህ ያልፋል። ቢያንስ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቢቆይ፣ ሌሊቱን ቢያድር ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሙሉውን ከወጣ ሌላ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ ከዘገየ ግን አትድገሙት። አንድ ሌሊት ከረሳችሁም በማግስቱ ሁለት አታድርጉ። ሜሳላዚን ጨርቅ ያቀልማል፤ አሮጌ ጨርቅ ከበታቻችሁ አንጥፉ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ይህ መድኃኒት በፍጹም አይዋጥም፤ ለሁለትም አይቆረጥም።

አቅም ላነሰው ታማሚ ባል ለሚስቱ፣ ሚስት ለባሏ፣ ሴት ልጅ ለእናቷ፣ ወንድ ልጅ ለአባቱ ይርዳ። አሮጊት እናቱን ወይም አባቱን በዚህ ያገለገለ ልጅ ወላጅን የመካደም ትልቅ አጅር ላይ ነው። ረጂው ያየውን ደጅ አያውጣ።

የመርሳ ሙቀትና መድኃኒቱ

ይህ መድኃኒት የተሠራው በሰውነት ሙቀት እንዲቀልጥ ሆኖ ነው፤ ያውም 37 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ከወልድያ ብርድ ከገዛችሁት በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ መርሳ ስትደርሱ፣ ከዚያም ወደ ሐብሩ ቆላ ስትገቡ ነገሩ ይለወጣል። በቀትር ከቆርቆሮ ሥር፣ በመኪና መስኮት አጠገብ፣ በሸሚዝ ኪስ ወይም በምድጃ አካባቢ ከተቀመጠ ይቀልጣል። ጥሩው ማስቀመጫ ከ25 ዲግሪ የማይበልጥ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ ነው።

ስትጓዙ በዕቃ መካከል፣ በልብስ ተጠቅልሎ ይያዝ፤ ጠዋት ወይም ማታ መጓዝ ይሻላል። ቤት ውስጥ ከመሬት ጋር በተጠጋው ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ማቀዝቀዣ ያለው ጎረቤት ካለ በአማና ይቀመጥላችሁ፤ በረዶ በሚሠራበት ክፍል ግን አይግባ። ውኃ የሚቀዘቅዝበት አንድ ዘዴም አለ፤ በትልቅ ገንቦ ውስጥ ትንሽ ገንቦ አስቀምጦ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት፣ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ነው። መድኃኒቱን እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ዘግታችሁ በውስጠኛው ብታኖሩት ደረቅ ነፋስ ባለበት ወራት ይቀዘቅዛል።

ለስልሶ የጠነከረ፣ ቅርጹም ያልተበላሸ አያስጨንቅም። ፈሶ ቅርጹን አጥቶ የረጋ ግን መድኃኒቱ በእኩል ላይከፋፈል ስለሚችል ፋርማሲ ሳታሳዩ አትጠቀሙበት። ሁሉንም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አርቁ፤ ከረሜላ ይመስላቸዋልና።

መልኩ አንድ፣ ሥራው ሌላ

በፊንጢጣ የሚገቡ መድኃኒቶች መልካቸው ይመሳሰላል፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ለድርቀት ግሊሰሪን አለ። ለሕፃናት ትኩሳት ፓራሲታሞል አለ፤ ይህን ከሽሮፑ ጋር ደርቦ መስጠት መጠኑን እጥፍ አድርጎ ጉበትን ይጎዳል። ለሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ አለ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ልብ ይባል፦ ዲክሎፌናክና መሰሎቹ የቆሰለ አንጀትን ሊያባብሱ ይችላሉ። የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ለወገብ ለጉልበት ብሎ ማስታገሻ ሲገዛ ሕመሙን ለባለሙያው ይንገር።

ቆላ ለሚኖሩ እናቶች አንድ ነገር እንጨምር። በከባድ ወባ የተያዘና መዋጥ ያቃተው፣ ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጤና ኬላ በፊንጢጣ የሚገባ አርቴሱኔት ልትሰጠው ትችላለች። ይህ ሕይወት የሚያተርፍ የመንገድ ስንቅ እንጂ ሙሉ ሕክምና አይደለም። ሕፃኑ ነቃ ብሎ እንኳ ብታዩት ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት።

የባህል መድኃኒትን በተመለከተ፣ ማርና ጥቁር አዝሙድ በሱና የተወደሱ ናቸው፤ ሆድ እስከ ተስማማው ይበሉ። ነገር ግን የሐኪምን መድኃኒት አስትተው አይተኩት፤ በፊንጢጣ በኩልም ምንም ዓይነት ቅጠል፣ ሥር ወይም ዱቄት አይግባ። የቆሰለ ቦታ ላይ የሚያቃጥል ነገር መጨመር ቁስል በቁስል ላይ ነው።

«አሳማ ይኖርበት ይሆን?» ብለው የሚጠይቁም አሉ። የብዙዎቹ መሠረት ከዘንባባና ከኮኮናት ዘይት የሚሠራ ጠንካራ ስብ ነው። ጥርጣሬ ካለ ፋርማሲስቱ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን እንዲያነብላችሁ ጠይቁ።

ጾሙና ሶላቱ

ወደ ወንድማችን ጥያቄ ደረስን። በፊንጢጣ የሚገባ ነገር ጾምን ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ዑለማእ ተለያይተዋል። በወሎ መድረሳዎች ሲቀሩ የኖሩት የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀቦች ያፈርሳል ይላሉ። በማሊኪይ መዝሀብ ፈሳሹ ከጠጣሩ ይለያል። ኢብኑ ተይሚያና ከኋለኞቹም እንደ ኢብኑ ዑሠይሚን ያሉ ምግብም መጠጥም ስላልሆነ አያፈርስም ብለዋል። በ1418 ዓ.ሂ. (1997 እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በዚህ ጉዳይ ላይ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብሎ ውሳኔውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፎት ነበር። በዚያው ስብሰባ ግን ሙስሊም ሐኪም ማዘግየቱ የማይጎዳውን ሕክምና ከኢፍጣር በኋላ እንዲያደርገው ታማሚውን እንዲመክር አሳስቧል።

አድማጮቻችን፣ ይህን ምክር ልብ በሉት። ሜሳላዚን በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ በመኝታ ሰዓት የሚገባ ነው ብለናል። ከተራዊሕ ተመልሶ የሚተኛ ሰው የመድኃኒቱ ሰዓት ያ ነው። ከፈጅር በፊት ሥራውን ሠርቷል። ታዲያ ጾሙና መድኃኒቱ የት ላይ ተጋጩ? የትኛውንም መዝሀብ የሚከተል ሰው በዚህ ይስማማል። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ሰው ደግሞ ሰዓቱን ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር ማስማማት ይቻል እንደሆን ሐኪሙን ከረመዳን በፊት ይጠይቅ።

ሕመሙ የበረታበት፣ ደም የሚፈሰው፣ ውኃ የሚጠማውና የሚደክመው ግን መጾም የለበትም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ 185ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው በሌሎች ቀናት እንዲተካ ፈቅዶለታል። የአላህን ፈቃድ መቀበልም ዒባዳ ነው። ዘላቂ ሕመም ሆኖ መተካት የማይችል ሰው የፊድያውን ነገር ዓሊም ይጠይቅ። የጁ የዳና መሻይኾች አገር ነው፤ የሚጠየቅ ሰው አይታጣም። ፈትዋ ግን ከዓሊም እንጂ ከአጥር በላይ ከጎረቤት አይወሰድ።

ሶላትን በተመለከተ፣ ከፊንጢጣ ደም ወይም የቀለጠ መድኃኒት ከወጣ ውዱእ ይፈርሳል፤ ታጥቦ ውዱእን ማደስ ነው። ፈሳሹ የማያቋርጥበት ሰው ደግሞ የሶላት ወቅት ከገባ በኋላ ይታጠባል፣ ንጹሕ ጨርቅ ያደርጋል፣ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል፤ በዚያ መሃል ከአቅሙ በላይ ለሚወጣው አይጠየቅም። ይህ ዝርዝር በየመዝሀቡ ስለሚለያይ ኢማማችሁን አማክሩ። ለወንድማችን የምንለው፣ ሕመሙ በበረታ ጊዜ ቤት መስገድ ለታማሚ የተፈቀደ ነው፤ ጋብ ሲል ደግሞ ከበሩ አጠገብ ካለው ሶፍ መቆም ይቻላል። ጀማዓውም አንድ ሰው ከሶላት መሃል ቢወጣ ዓይኑን አይከተል።

ደሙ ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

አንድ ሰው የወንድሙን የሆድ ሕመም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተናገረ ጊዜ ማር እንዲያጠጣው አዘዙት። አጠጣውና አልተሻለውም፤ ተመልሶ መጣ። እንደገና እንዲያጠጣው አዘዙት። ደጋግሞ ተመላለሰ፤ በመጨረሻ ሲቀጥልበት በአላህ ፈቃድ ዳነ። ይህም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ለእኛ ከትምህርቶቹ አንዱ መድኃኒትን እስከ ልኩ ማድረስ ነው።

ሜሳላዚን ሲጀመር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወሰዳል። ደሙ በሁለተኛው ሳምንት ቢቆም እንኳ ቁስሉ ከውስጥ ገና ነው። ከዚያ በኋላም ሐኪሙ እንዳይመለስ ሲል በተከታታይ ወይም በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት ሊያስቀጥለው ይችላል። ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ በደም ምርመራ አልፎ አልፎ ይታይ። የስቴሮይድ ዓይነቱ ግን ከታዘዘው ጊዜ በላይ አይቀጠልም።

እዚህ ላይ ሁላችንም ያየነውን እናስታውስ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ወልድያና አካባቢዋ ተቆርጠው፣ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ የስኳር፣ የደም ግፊትና የሌሎችም ዘላቂ በሽታዎች ታማሚዎች መድኃኒታቸው ተቋርጦባቸዋል። ከዚያም ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አልጠፋም። ስለዚህ መድኃኒቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ አቅም እስከ ፈቀደ የአንድ ወር ትርፍ ይኑራችሁ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ የምርመራ ውጤታችሁንም አትጣሉ። ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ ብትሰደዱ ሐኪሙ ከዜሮ አይጀምርም።

መቼ እንሩጥ?

በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለበት ሰገራ፣ ከዚያም ጋር ትኩሳት ወይም ፈጣን የልብ ምት፣ የሆድ መነፋትና ኃይለኛ ሕመም፣ ራስን የሚያስት ድካም ከታየ ማታ ነው፣ ገበያ ነው ሳይባል ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ቁርጠቱና ደሙ ከባሰ፣ ትኩሳት፣ የራስ ምታት ወይም ሽፍታ ከመጣ መድኃኒቱን አቁሞ ሐኪሙን ማየት ነው፤ የማይስማማቸው ሰዎች አሉና። አስፒሪን የማይስማማው፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር እናት ከመጀመራቸው በፊት ይናገሩ። ነፍሰ ጡሯ ግን በፍርሃት በራሷ አታቋርጥ፤ በእርግዝና ጊዜ የሕመሙ መነሣት ለእሷም ለፅንሱም ይጎዳል።

ውድ ወንድማችን፣ አብሽር። መድኃኒትዎንም ጾምዎንም ለመተው አይቸኩሉ። ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ፤ መቼና ለምን እንዳቋረጡ ሳያፍሩ ይንገሩት። ሕመሙ አሁን እንደ በረታ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ እንደላኩልን ለእሱ መንገርዎን አያዘግዩ። መድኃኒቱን ከጥላ ያኑሩ፤ ማታ፣ ሲተኙ ይጠቀሙ። ሲሻልዎ ይጾማሉ፤ ካልተሻለዎት አላህ ይቅር ባይ ነው። የመስጊዱ ጀማዓም ይጠብቅዎታል።

እናንተም አድማጮቻችን፣ በቤታችሁ ውስጥ ለወራት ዝም ብሎ ወደ ጓሮ የሚመላለስ ሰው ካለ ዛሬ ማታ በለሆሳስ ጠይቁት። ምናልባት የሚጠብቀው አንድ ጠያቂ ብቻ ይሆናል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥ፤ ለአገራችንም ሰላም ያውርድ። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።